ለሦስት ቀን ከተማ ማን ይደርስላታል?

ግሸን ደብረ ከርቤ በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ከተማ ትሆናለች። መስከረም 21 ሲቃረብ፣ ሰላም በሆነ ዓመት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምዕመን ወደ አምባሰል ይጎርፋል። በዚያች የመስቀል ቅርፅ ባላት አምባ ላይ ድንኳኑ፣ የላስቲክ መጠለያው፣ ጧፉና የሻይ ከሰሉ ጎን ለጎን ያድራሉ። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ወደየመጣበት ይመለስና አምባዋ ለካህናቱና ለጥቂት ነዋሪዎቿ ትቀራለች።

የሚያሳስበኝ ታዲያ ይህ ነው፤ ሕጋችን የሚያውቀው ነዋሪን እንጂ እንግዳን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በዋናነት የተነገረው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። ከከተማ ውጭ ያሉትንም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አልዘነጋም። ዳሩ ግን ላስቲክ ሥር ያደረ ምዕመን ነዋሪ አይደለም፤ ላስቲኩም ሕንፃ አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱም ቆጠራ ያመልጣል።

«አደጋ» ስንል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ድርቅ ነው። አይፈረድብንም፤ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እንዲቋቋም ያስገደደው የዚሁ የወሎ ረሃብ ነው። ነገር ግን ድርቅ እየታየ ይመጣል፤ የሚሰማ ካለ እህል ጭኖ ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል። እሳትና ግፊያ የሚሰጡት ደቂቃ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት እሳት አጥፊዎቹን አስቸግሯቸው ነበር። ያውም 939 ተደውሎ መኪና በሚመጣበት አዲስ አበባ! እስቲ አሁን ግሸንን አስቡት። ነገሥታቱ እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ልዑላንን እዚያ ያጋዙት ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ በር ስለሆነ ነው። ለዘበኛ የተመቸ በር ለሚሸሽ ሕዝብ አይመችም።

«አታሟርት፣ እመቤታችን ትጠብቀናለች» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ትጠብቀን እላለሁ። ሆኖም መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚሁ በማርያም በዓል፣ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ፣ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰው ሞቷል። እነሱ እምነት ጎድሏቸው ነው? ለመሆኑ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር የተባለው ጌታ ምን ብሎ እንደመለሰ ካህናቱ አያስተምሩንም?

የምጠይቀው ሰማይ ቤት የሚያደርስ መሰላል አይደለም። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን በዓል በስሙ የሚጠራ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚናገር ሕግ ይውጣ። በሩ ላይ ሰው ይቆጠር፤ ሲሞላም «ይብቃ» የሚል ይኑር። የሚወጣና የሚወርድ በአንድ ሰዓት አይገናኝ። በድንኳኖች መካከል መተላለፊያ ይተው፤ እሳት የሚነድበት ቦታ ይለይ። ውኃ፣ አሸዋ፣ ቃሬዛና የሠለጠነ ሰው ከበዓሉ በፊት አምባው ላይ ይውጡ፤ እሳት ከተነሣ በኋላ ከደሴ ተነሥቶ ያንን አቀበት ወጥቶ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው አመድ ነው።

መስከረም 21 የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ይታወቃል። ድንገተኛ በዓል አይደለም። ድንገተኛ የሚያደርገው የእኛ አለመዘጋጀት ነው።