እምቦጭ ተነቅሎ ለምን ይመለሳል?

በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ እየገባ ሲነቅለው ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተካሄደው ሰፊ ዘመቻም ይታወሳል። ሆኖም ጸዳ የተባለው ዳርቻ መልሶ አረንጓዴ ሲለብስ ማየት ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጧል። ጥፋቱን በአስተባባሪዎች ላይ የሚጥሉ አሉ፤ የአረሙ የመራባት ጠባይ ግን ከዚያ የበለጠ ያስረዳል።

እናቲቱ ተክል በውኃው ላይ ቀጭን ሐረግ ትዘረጋለች፤ በጫፉም ሌላ ተክል ይበቅላል። ሙቀትና ምግብ በተመቸው ውኃ ላይ አረሙ የያዘው ስፋት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከ100 ሄክታር 90ው ተነቅሎ 10 ቢቀር፣ በዚህ ፍጥነት ከሁለት ሳምንት በኋላ 20፣ ከአራት በኋላ 40፣ ከስድስት በኋላ 80 ሄክታር ይሆናል፤ ሁለት ወር ሳይሞላም የቀድሞውን ያልፋል። ጥቅጥቅ ብሎ የሞላው አረም ቦታና ምግብ ስለሚሻማ ዕድገቱ ይገታል። የሳሳው ግን ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ ፈጥኖ ይዛመታል። ዘጠና በመቶ ነቅሎ ወደ ቤት መመለስ ለአረሙ ቦታ እንደ ማስፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ ዘር ነው። አበባው ሲጠወልግ አገዳው ወደ ውኃው ጎንበስ ብሎ ዘሩን ይጥላል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ የተጋለጠው እርጥብ ጭቃ ላይ ይበቅላል፤ ገበሬው ባህር ሸሹን ለእርሻ ሲያዘጋጅ አረሙም የራሱን ቡቃያ ያወጣል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ከማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተሞች የሚወርደው ፍሳሽም ተጨምሮበት፣ ቀለቡ ነው። በዳር የተከመረው ክምርም በጊዜው ካልተወገደ፣ በነሐሴና በመስከረም ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው ስፋቱ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ውጤቱ ግን ዓመታት ጠይቋል፤ አረሙም ኋላ ላይ በየጊዜው ተመልሷል።

በዓመት አንዴ ከሚጠራ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይልቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየዞረ አዲሱን ቡቃያ ከማበቡ በፊት የሚለቅም ጥቂት ቋሚ ሠራተኛ ይበልጣል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ደመወዝ፣ ጀልባና ክምሩን ከሐይቁ የሚያርቅ ተሽከርካሪ ይፈልጋል። እስካሁን ግን ወጪውን ሲሸፍን የኖረው፣ ኅዳር ላይ የደረሰ ሩዙን ሳያጭድ ወደ ሐይቅ የሚወርደው የፎገራ ገበሬ ነው።