«ኢ-መደበኛ» የተባለው ማን ነው?

«ኢንፎርማል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል የማያውቅ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ አይገኝም። የምጣኔ ሀብት ተማሪ ቢሆን፣ የሕግ ቢሆን፣ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ቢሆን፣ ስለ ከተማ ኑሮ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣ ሁሉ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ይጠራዋል። ወደ አማርኛ ሲመልሰውም ሳያመነታ «ኢ-መደበኛ» ይላል፤ የቸኮለው ደግሞ «ሕገወጥ» ብሎ ያልፋል፤ መምህሩም ቀይ ቀለሙን አያነሣበትም። እኛ ይህን ትርጉም እንቃወማለን። የምንቃወመውም ለሰዋስው ብቻ ተቆርቁረን አይደለም፤ በዚህ ቃል የሚጠሩ፣ በዚህም ቃል ዕቃቸው የሚወሰድባቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

አስቀድመን ቅጽሉን በገዛ አገሩ እንመልከተው። እንግሊዛዊ ለወዳጁ የሚጽፈውን ደብዳቤ «ኢንፎርማል» ይለዋል፤ እኛ የወዳጅ ደብዳቤ እንለዋለን። አጀንዳና ቃለ ጉባኤ የሌለውን ንግግር እንዲሁ ይለዋል፤ እኛ ጨዋታ እንለዋለን። ከረባት የማያስፈልገው ልብስ ለእርሱ «ኢንፎርማል» ነው፤ ለእኛ የዘወትር ልብስ ነው። ያለ ፈቃድ በሌሊት የቆመውን ቤት ሊቃውንቱ በዚሁ ቅጽል ሲጠሩት፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የጨረቃ ቤት ብሎ የተሠራበትን ሰዓት ጭምር ነግሮናል። በሰዋስውም «አንተ» እና «አንቺ» ኢንፎርማል፣ «እርስዎ» ፎርማል ይባላሉ፤ ወደዚህኛው ኋላ እንመለስበታለን። እንግዲህ አማርኛ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ስም ሰጥቶ ሳለ፣ የድሃ ሥራና ንግድ ላይ ስንደርስ ብቻ ቃል አጣን ማለት ምን ይባላል?

ቅጽሉ ገበያ የወጣው በቅርብ ጊዜ ነው። ኪዝ ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ፣ በአክራ ከተማ ከሰሜን ጋና በመጡ ሠራተኞች መካከል ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለጉባኤ ባቀረበውና በ1973 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ሥራ ፈት የሚባሉት ድሆች ሥራ ፈቶች እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም የመንግሥት መዝገብ የማያውቀው ብዙ ዓይነት ሥራ እንዳላቸው አስረዳ። ቅጽሉንም ለዚሁ አዋለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ ቃሉን ተቀብሎ፣ እነዚህን ሠራተኞች ማሳደድ እንዲቀር መከረ። ልብ በሉ፤ ቃሉ የተወለደው ጠበቃ ሆኖ ነው። ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተገኘ። ኬንያውያን ራሳቸው ከዚህ ዕዳ ያመለጡት «ጁዋ ካሊ» የሚል ስም ስላላቸው ነው፤ በስዋሂሊ ብርቱ ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ ጣራ ሳይኖረው ፀሐይ ላይ የሚሠራውን ባለ እጅ የሚጠሩበት ነው። መንግሥታቸውም ኋላ ይህንኑ ስም በሰነዱ ላይ አሰፈረው።

አሁን ወደ መርካቶ፣ ወደ ጎጃም በረንዳ እንውረድ። በረንዳ ሱቅ አይደለም፤ የሱቅ ደጅ ነው። ሰፈሩም በስሙ ገና ደጅ ላይ ነው። በዚያ ከጭነት መኪና ጆንያ የሚያወርደው ጫኝና አውራጅ አለ፤ ሣጥኑን ከአንገቱ አንጠልጥሎ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞረው ሱቅ በደረቴ አለ፤ ሊስትሮው አለ፤ ላስቲክ ዘርግታ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችረው እናት አለች። እነዚህ ሁሉ በእኛ ወረቀት ላይ «ኢ-መደበኛ» ናቸው።

መደበኛ የሚለው ቃል ግን መደብ ከሚለው የወጣ ነው። መደብ በባላገር ቤት ግድግዳ ሥር በጭቃ የተሠራው መቀመጫና መኝታ ነው። በገበያም ሻጭ ተቀምጦ የሚሸጥበት ስፍራ መደብ ይባላል። ከዚህም አልፎ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ በትንሽ በትንሹ ተከምሮ ሲሸጥ አንዱ ክምር መደብ ነው፤ «መደቡ ስንት ነው?» ብሎ ያልጠየቀ የከተማ ሰው የለም። እንግዲህ በየማለዳው እዚያው ስፍራዋ ተቀምጣ፣ ሽንኩርቷን መደብ በመደብ ደርድራ የምትውለውን ሴት፣ አማርኛ በሚያውቅ ሰው አፍ «ኢ-መደበኛ» ማለት እንዴት ይቻላል? በቋንቋው ሕግ ከሄድን ከእርሷ የበለጠ መደበኛ ማን አለ? የእኛ ተርጓሚ ቃሉን የወሰደው ከእርሷ ገበያ ነው፤ ከወሰደ በኋላ አሉታ ቀጥሎ መለሰላት።

አሉታውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። «ኢ» ከግዕዝ መጥታ በዘመናችን አማርኛ የተቀመጠችባቸውን ቃላት ቁጠሩ፤ ኢ-ሰብዓዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ። ሁሉም የክስ ቃላት ናቸው። ጆሮ ይህን ለምዷል። «ኢ-መደበኛ» ሲባል የሚሰማው የጎደለው ነገር ሳይሆን ጥፋት ነው። ከዚያ ወደ «ሕገወጥ» አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ተማሪው በጥናቱ «ኢ-መደበኛ» ይላል፤ ጥናቱን ያነበበው ሹም በዘገባው «ሕገወጥ» ይላል፤ ዘገባው ትእዛዝ ይሆናል። ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ሴትዮዋ የላስቲኳን አራት ጫፍ ሰብስባ ትሮጣለች፤ ያልደረሰላት እንደሆነ ሽንኩርቱ ይጫናል። የሩቅ አገር ሰው እንኳ «እማማ» የሚላትን ሴት፣ ልጇ የሚሆን ወጣት «አንቺ፣ ተነሺ!» ይላታል። ኢንፎርማል ማለት ይህ ከሆነ ተሸካሚው እርሱ እንጂ እርሷ አይደለችም።

«ግን እኮ ዓለም እንዲህ ነው የሚላቸው» የሚለን አይጠፋም። ዓለም እንዲህ አይላቸውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 204፣ ቅጽሉ የሚያመለክተው በሕግ ወይም በተግባር የመንግሥት ሥርዓት ያልደረሰላቸውን፣ ወይም በበቂ ያልደረሰላቸውን ሠራተኞችና ድርጅቶች መሆኑን ተናግሯል፤ ሕግ የከለከለውን ነገር፣ እንደ አደገኛ ዕፅ፣ እንደ ጦር መሣሪያና እንደ ሰው ንግድ ያለውን፣ ከትርጉሙ ለይቶ አውጥቶታል። እንግዲህ «ሕገወጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው ያላላው ትርጉም አይደለም፤ ቃሉ በግልጽ አይደለሁም ያለውን ነው የሰጠው። ዝርዝሩን ያየ ሰው ጉድለቱ የማን እንደሆነ ይገባዋል። ያልደረሰው ሥርዓቱ ነው፤ ስሙ የወጣው ግን ለሴትዮዋ ነው።

የትምህርት መጻሕፍታችን ደግሞ እቁብንና እድርን በዚሁ ቅጽል ይጠራሉ፤ ይህ እንኳ የሚያስቅ ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። እድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የመቀጫ ልክ አለው፤ ከቀብር የቀረውንም በስሙ ጠርቶ ይቀጣል። ሥርዓት ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? አማርኛችን «ፎርም» የሚለውን ተውሶ የሚሞላ ወረቀት ብቻ አድርጎታል፤ ሊቃውንቱም ነገሩን እንዲሁ የተረዱት ይመስላል፤ ፎርም ያልሞላ ሁሉ ሥርዓት የለውም። መርካቶ ግን በሙሉ የቆመው በተራ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ተራ ማለት ረድፍም፣ ወረፋም፣ ተርታ ሰውም ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የያዘ ሕዝብ ሥርዓት አያውቅም ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው።

ብርቱው ተቃውሞ የፈቃድና የግብር ነው፤ አንሸሸውም። ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ ሕጉ አይፈቅድም፤ መንገድም ለእግረኛ ያስፈልጋል። ነገር ግን ፈቃዱን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ፣ ዕቃውን ግን ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ በጥናታችን ውስጥ ምን ይባላል? «መደበኛ» ይባላል። የእርሱ ጥፋት የሥራው ጥፋት ሆኖ ይቀራል፤ የእርሷ ጥፋት ግን የሰውነቷ ቅጽል ይሆናል። ፈቃድ የላት እንደሆነ «ፈቃድ ያላወጣች» እንበላት፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነውና። እንዲህ ብንል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለምን አላወጣችም፣ ቢያወጣላትስ የት ትቀመጥ የሚል ይሆናል፤ «ሕገወጥ» ካልን ግን የሚቀረው ጥያቄ የት ትባረር የሚል ብቻ ነው።

ቅጽል መጣል ለዚህ ገበያ አዲስ ነገር አይደለም። ፋሽስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ከተማችንን ይዛ ሳለ፣ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣችው ፕላን የኢትዮጵያውያንን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አውጥታ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለችው፤ የአገሬው፣ የዝቅተኛው ገበያ ማለቷ ነው። ሕዝቡ «መርካቶ»ን ለራሱ አስቀረ፤ «ኢንዲጄኖ»ን ለባለቤቱ መለሰ። ማንም አላዘዘውም፤ የቋንቋ ጉባኤም አልተሰበሰበም።

እኛ ከተማሪዎችና ከመምህራን የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ስለ ሰዎቹ ስትጽፉ ጉልት ቸርቻሪ፣ ሱቅ በደረቴ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ቆራሌው በሉ፤ ስም አላቸው። ስለ ሥራው ስትጽፉ የጎደለውን ነገር በስሙ ጥሩ፤ ፈቃድ ከሆነ ፈቃድ ያልወጣበት ንግድ፣ የጡረታና የሕክምና መብት ከሆነ ዋስትና የሌለው ሥራ፣ መዝገብ ከሆነ ያልተመዘገበ ድርጅት። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራንም «ኢ-መደበኛ» የሚለውን ባዩ ቁጥር ከጎኑ «ምን የሌለው?» ብለው እንዲጽፉበት እንለምናለን። በዚህ የማይስማማ ካለ መልሱን ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያምጣ፤ በሚቀጥለው ቁጥር ሳናሳጥር አባዝተን እናወጣዋለን።