ከዳንግላ ወደ ጣና ዳር

ለአዊ ሰው ባሕር ማለት ጣና ነው። ስለዚህ በነሐሴ ወር፣ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ማለዳ ከዳንግላ በአውቶቡስ ተነሣሁ፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘንም ባሕር ዳር ገባን። በሐይቁ ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሠሩትን ታንኳ አይተን እጅግ ተደነቅን።

በዓሣው ገበያ ባለቤቴ ለምሳ የምትሆን አንዲት ትልቅ ዓሣ ገዛች፤ ሆድዋ ሲከፈት ግን ዕንቍላል መልቶበት ተገኘ። ታናሺቱ ልጄም «አባባ፣ እነዚህ ሁሉ ዓሣ ሊሆኑ ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። በችሎት የሰውን ቃል በየዕለቱ የምጽፍ እኔ ለዚህች ቃል መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቤኦባርበስ ከሚባለው የጣና ዓሣ ብዙው ዓይነት በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር አይገኝም። ከዚህም ዓሣ አንዳንዱ ዓይነት በክረምት ዕንቍላሉን ሊጥል ወደ ወንዞች ይወጣል፤ ከእነዚህም አንዱ የእኛው ግልገል ዓባይ ነው። አጥማጅ በዚያን ጊዜ መረቡን በወንዙ አፍ ቢዘረጋ እናቲቱን ከነዘርዋ ይወስዳል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ የዚህ ዓሣ ቍጥር እጅግ መቀነሱን መርማሪዎች ጽፈዋል።

ያችን ዓሣ በላናት፤ ነገር ግን አልጣፈጠችንም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ጣናን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ በክረምት ግን ዕንቍላል ያዘለውን ዓሣ አትግዙ። ገዢ ያጣ መረብ ከወንዙ አፍ ይነሣልና።