ማሽኑ ሲመጣ ሽርጡስ?

ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢውን ሲያዳርስ በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ብዙ የሕክምና መሣሪያ ተዘርፏል፤ ወድሟል። የጎደለውን ለመተካት ሲታሰብ ሁሉም የሚጠይቀው «ማሽኑ መቼ ይመጣል?» ብሎ ነው። ራጅ እያነሳ የሚውለውን ባለሙያስ ማን አሰበለት?

ጨረራ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሲያገኝህም አይሰማህም። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዓለም አቀፉ ልክ ለባለሙያው የአምስት ዓመት አማካይ ተይዞ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሌላው ሰው 1 ነው። ባለሙያው ያገኘውን የሚመዘግበው ደረቱ ላይ የሚያደርገው ዶዚሜትር ነው። በየጊዜው ተሰብስቦ ካልተነበበ ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የራያ ቆላ ሙቀት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ በዚያ ሙቀት «ለአንድ ፊልም ነው» ብሎ መተው ይቀላል። ስለዚህ በራጅ ክፍል ቬንቲሌተር ማስገባት ቅንጦት አይደለም፤ ሽርጡ እንዲለበስ ያደርጋል። ልጇን ይዛ የምትቆም እናትም ሽርጥ ያስፈልጋታል። ሥራ የሌለው ሰው ከክፍሉ ይውጣ፤ ከጨረራው ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው መጠን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ፤ ቁጥጥሩም የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ማሽን የሚገዛም የሚለግስም አካል ሽርጡን፣ ዶዚሜትሩንና የክፍሉን ግድግዳ ፍተሻ አብሮ ይያዝ። የሌላውን ስብራት የሚያሳየን ባለሙያ በገዛ ሥራው መታመም የለበትም።