መለኪያ የሌለው ወንዝ በስንት ዓመት ይሞላል?

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የፎገራን ሜዳ ማጥለቅለቃቸው ለአካባቢው ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ሩዝ አብቃዩ ውሃውንም ደለሉንም ይፈልገዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ውሃው ከልኩ አልፎ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። በዚያው ክረምት በድሬዳዋና በኦሞ ወንዝ ዳርቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ጎርፍ በስንት ዓመት አንዴ ይመለሳል? የእህል መጋዘን፣ የወፍጮ ቤትም ሆነ ድልድይ የሚሠራበት ቦታና ከፍታ የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው።

ለመልሱ የረጅም ዓመታት የወንዝ ልኬት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ገባር ወንዞች ግን መለኪያ የላቸውም። በመሆኑም ባለሙያዎች ከተለካው ወንዝ ላልተለካው ይበደራሉ፤ ይኸውም የተፋሰሱን ስፋት፣ ተዳፋትነቱን፣ ዝናቡንና አፈሩን በማነጻጸር ነው። ይህ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የቆየው በተወሰነ ቀመር ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከብዙ ወንዞች መዝገብ እየተማረ ዝምድናውን እንዲያወጣ ይደረጋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው የጉግል ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ5,680 የወንዝ መለኪያዎች መረጃ የተማረ ዘዴ መለኪያ በሌላቸው ወንዞችም ጭምር ጎርፍን ከአምስት ቀን በፊት ለመተንበይ እንደሚረዳ አሳይቷል። ይህ ግን ጎርፉ መቼ እንደሚደርስ ይናገራል እንጂ መጋዘኑ የት ይሠራ ለሚለው መልስ አይሆንም።

ለድግግሞሹ ግምት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የብዙ የውሳኔ ዛፎችን አማካይ የሚወስደው ነው። ይህ ዘዴ ሲማር ካየው ከፍተኛ ጎርፍ የሚበልጥ ግምት መስጠት አይችልም። መዝገቡ ትልቁን ጎርፍ ካልያዘ ግምቱ ያንሳል፤ መለኪያውን ጠርጎ የሚወስደው ደግሞ ያው ትልቁ ጎርፍ ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውም አነጋገር ያሳስታል። አንዴ ከመጣ ለልጅ ልጅ ካልሆነ አይመለስም ማለት ሳይሆን፣ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። 30 ዓመት ለሚያገለግል መጋዘን ዕድሉ ከመቶ 26 ይደርሳል። የአስር ዓመቱ ጎርፍማ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 65 ነው።

ስለዚህ ባለሙያ የግምት ቁጥር ይዞ ወደ ቀበሌው ሲመጣ፣ ቁጥሩ ከየትኞቹ ወንዞች ልኬት እንደተወሰደና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል መጠየቅ የማኅበር መሪዎች ድርሻ ነው። የ1998ቱ ውሃ የደረሰበትን ዛፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሉ፣ ያ ምልክት በሜትር ተለክቶ ከነዓመተ ምሕረቱ ቢሰጠው ባለሙያው ግምቱን ያመሳክርበታል።