ለባለቤቱ ያልተነገረ መርዶ

ትዕይንቱ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የምርመራው ውጤት ደርሶ አባት ከሐኪሙ ፊት ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት ያደርግና «አባባ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይቆዩን» ይላል። ትልቁ ልጅ ይቀራል፤ በሩ ይዘጋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ተዋናይ ነው። ካንሰሩ «ጨጓራ» ይባላል፤ የጨረሩ ቀጠሮ «ተጨማሪ ምርመራ» ይሆናል፤ እናት ጓዳ ገብተው ያለቅሱና ፊታቸውን ታጥበው ይወጣሉ። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድርተኛው ያውቃል፤ የማያውቀው ባለበሽታው ብቻ ነው።

ያውም የማያውቅ ከሆነ! ሰውነቱ ሲከዳው፣ ባሕር ማዶ ያሉት ልጆቹ ያለ ወትሯቸው ተከታትለው ሲመጡ ያያል። እሱም እነሱን ላለማሳዘን ዝም ይላል። እንዲህ ተደባብቀን እንለያያለን።

ለዚህ አድራጎት ሁለት ጠበቆች ይቆሙለታል። አንደኛው «ባህላችን ነው» ይላል። የቱ ባህል? አያቶቻችን ሞት መቃረቡን ሲያውቁ የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው፣ ዕዳቸውን ቆጥረው፣ ከተጣሉት ታርቀው፣ ልጆቻቸውን መርቀው ይሰናበቱ ነበር። ሙስሊሙ ወገናችንም ወሲያውን ተናግሮ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በቁጥር 892፣ የሞቱ መቃረብ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ እንዲናዘዝ ይፈቅድለታል፤ ስለ ቀብሩም ሆነ ስለ ትንንሽ ልጆቹ አሳዳጊ ሊናገር ይችላል። ሞቱ የተደበቀበት ሰው ታዲያ ምኑን ይናዘዝ? ለሩቅ ዘመድ መርዶ የሚነገርበትን ሰዓትና ወግ ያበጀ ሕዝብ፣ ለባለቤቱ የሚነገርበትን ወግ እንዴት አጣ?

ሁለተኛው ጠበቃ «ተስፋ ይቆርጣል» ባይ ነው። ይህኛው በቅንነት ስለሚናገር በቅንነት ልመልስለት። እውነትን እንደ ድንጋይ ወርውሩበት ያለ የለም። አስቀድሞ ይጠየቅ፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ይቅርብኝ» ካለም መብቱ ነው፤ ልዩነቱ የመረጠው እሱ መሆኑ ላይ ነው። በሌላ በኩል፣ ዝምታው የሚያስከፍለውን ዋጋ እናስላ። ባለቤቱ ሳይማከር ቤቱ ተሽጦ ባንኮክ ይወሰዳል፤ ከልጅ ልጆቹ መካከል መሞት የሚመኘው ሰው በባዕድ ቋንቋ መካከል ያርፋል። ለልጆቹ የሚተርፈው ዕዳና ጸጸት ነው።

ይህን ውይይት ማን ይጀምረው? ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረው በጥቁር አንበሳ ዓይነት ሆስፒታል፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ በር ላይ እየጠበቀ ሐኪሙ ለረጅም ወግ ጊዜ ከየት ያመጣል? ኃላፊነቱ የሰፈሩ ሐኪም ነው፤ ስኳሩንና ደም ብዛቱን ለዓመታት የተከታተለው፣ ቤተሰቡን በስም የሚያውቀው የጤና ጣቢያና የክሊኒክ ጠቅላላ ሐኪም። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ የማስታገሻ ሕክምና እስከ መጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ድረስ እንዲወርድ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም በሽተኛን በቤቱ ማስታመም በአገራችን እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል።

ሐኪሙ የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው? ቢደክሙ ማን ይወስንልዎ? የመጨረሻዎቹን ቀናት ቤትዎ ወይስ ሆስፒታል? ሥቃዩ ሲበረታስ? ለዚህኛው መልስ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ሕመም በደረጃ የሚታገስበትን መንገድ አውጥቷል፤ ለብርቱው ሥቃይ ሞርፊን ይሰጣል። «ሱስ ያስይዘዋል» እያሉ የሚሞትን ሰው ማስጮህ ግን ጥንቃቄ ሳይሆን ጭካኔ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እኛ ግን የሰውየውን በሽታ ከራሱ ከሰውየው ደበቅነው። ለቀብሩ ድንኳን ከመትከላችን በፊት፣ አጠገቡ ተቀምጠን «ምን ትፈልጋለህ?» ብንለው ምን ይለናል?