ከላይ የታተመችው ቃል

 እዚህ በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ወሬው ሁሉ ኮንቴይነር ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ፣ በዚህ ወደብ ወደ ውጭ የሚያልፍ ደብዳቤ ከምኒልክ ቴምብር ሌላ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለው ፖስታ በስልክ ይሸጣል፤ ሐሰተኛውም አብሮ። በምኒልክ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» ወይም «መልክት» ተብሎ የታተመው ቃል በተለይ ለአታላይ የተመቸ ነው። እውነተኛውን ለመለየት እንዲረዳችሁ ነው ይህን እትማችንን ለቴምብር ካታሎግ የሰጠነው። ስኮት፣ ሚሼል፣ ስታንሊ ጊበንስና ኢቬር የተባሉት ካታሎጎች ለአንዱ ቴምብር የሚሰጡት ቁጥር ለየቅል ነው፤ የጅቡቲን ቴምብር የፈለገም ከኦቦክ እስከ አፋርና ኢሳ ግዛት ድረስ በየስሙ ማገላበጥ አለበት። የካታሎግ ዋጋ ደግሞ የገበያ ዋጋ አይደለም፣ ሻጮች ይህን ባይወዱትም። ለመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ (ቴምብሩ በወጣበት ቀን ማኅተም ለተመታበት) ዋጋ ሲጠሩላችሁ «የየትኛው ካታሎግ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እትም?» ብላችሁ ጠይቁ።